የሰቡት ቀንድ አውጣዎች

በዚያ ዓመት ዝናቡ ሁለት ወር ዘገየ። ወንዙ ወረደ። ከወንዙ ተጠልፎ የሚሞላው የሱፍ ማጠቢያ ኩሬ ከወገብ ወደ ጉልበት ዝቅ አለ። ሱፉ ግን አልቀነሰም። ከአሥራ አራቱ አጣቢዎች የሦስቱ ሆድ ተነፋ። አንዱ ደም አስመለሰውና በሦስተኛው ቀን ሞተ። አንዱ ወደ ዘመዶቹ ሄደ፤ ወሬው ጠፋ። ሦስተኛው፣ ገና ሃያ ሁለት ዓመት የሆነው ወጣት፣ ሆዱን በመቀነት ጠፍሮ ወቅቱን ጨረሰ። የሞተውን ቀብረው በማግስቱ ውሃ ገቡ።

የአጣቢዎቹ አለቃ ዕድሜያቸው ወደ ሰባ የተጠጋ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ነበሩ። ከሃያ ዓመት በፊት ሲሾሙ ያወጡት የመጀመሪያ ሕግ፣ አጣቢ ከቀትር በፊት ውሃ አይግባ የሚል ነው። ቀድሞ ሥራ የሚጀመረው ጎሕ ሲቀድ ነበር፤ የውሃው ብርድ አጥንት ይሰብር ነበር። «ፀሐይ ታሙቅላችሁ» አሉ። አጣቢዎቹ መረቋቸው፤ «አባ ቀትር» የሚል ስምም አወጡላቸው።

ሌላው ልማዳቸው ቀንድ አውጣ ነበር። ከሱፍ የሚለቀቀው ቅባትና እድፍ በኩሬው ድንጋይ ላይ አረንጓዴ ያበቅላል፤ አረንጓዴው ያሙለጨልጫል፤ ወድቆ እጁ የተሰበረ አለ። ቀንድ አውጣ ይህን እየላሰ ያጠራል። ስለዚህ በየዓመቱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ወደ ታችኛው ረግረግ ይወርዱና ትልልቁን፣ የሰባ የሰባውን መርጠው በጣሳ ያመጣሉ። ማንም እንዲያግዛቸው አይፈቅዱም። መምረጥ ዓይን ይጠይቃል ይላሉ። ክፉ አሳብ እንዳልነበራቸው አንባቢ አስቀድሞ ይወቅላቸው።

ከዚያ ወቅት በኋላ ግን አንድ ነገር ልባቸው ውስጥ ገብቶ ነበር። አጣቢዎቹ ሸሚዛቸውን ሲያወልቁ አለቃው ፊታቸውን ትተው ሆድ ሆዳቸውን ያያሉ። ማታ ቤታቸው ገብተው የራሳቸውን ሆድ በመዳፋቸው ይዳብሳሉ። ለማንም አልተናገሩም።

አዲሱ ወቅት ሊከፈት አሥር ቀን ሲቀረው ወደ ረግረጉ ወረዱ። ጣሳቸው ግማሽ ሲሞላ ቀና ቢሉ፣ ከደንገሉ ወዲያ አንዲት ሴት እንደ እሳቸው ጎንበስ ብላ ትለቅማለች። እስከ ጉልበቷ የላስቲክ ቦት ጫማ፣ እስከ ክንዷ የላስቲክ ጓንት አድርጋለች። በእጇ ክዳን ያለው ብልቃጥ ይዛለች።

«እንደምን አደሩ አለቃ» አለች።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ድምፅሽን አውቀዋለሁ፤ ጫማሽን ነው የማላውቀው።»

«ከስምንት ዓመት በፊት የሞተው አጣቢ ልጅ ነኝ። ጤና ጣቢያው ከተከፈተ ወዲህ እዚያ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ሆኜ መጥቻለሁ።»

«አባትሽን ትመስያለሽ። እሱም ከሱፍ እሾህ ሲለቅም እንዲሁ አንገቱን ያቀረቅር ነበር። ምን ጠፍቶብሽ ነው?»

«ቀንድ አውጣ።»

ሽማግሌው ጣሳቸውን አዩ፤ ብልቃጧን አዩ። «ይህን የምለቅም እብድ እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር» አሉ።

እሷ ፈገግ ልትል ነበር፤ ነገር ግን ጣሳው ውስጥ ስታይ ፊቷ ተለወጠ። «ወዴት ሊወስዷቸው ነው?»

«ወደ ኩሬው ነዋ።»

«በባዶ እጅዎ ነው የለቀሙት?»

«በአፌ ልልቀም እንዴ?»

«አለቃ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እባክዎ ጣሳውን ያስቀምጡና እጅዎን በዚህ ፎጣ ያድርቁት። አሁኑኑ። ውሃው በራሱ አይድረቅ፤ በደንብ ይሹት።»

አለቃው ሰው አያዛቸውም ነበር። የልጅቱ ዓይን ግን ቀልድ አልነበረበትም። ፎጣውን ተቀብለው እጃቸውን አሹ፤ እያሹም ለምን እንደሚያሹ ሳያውቁ ፈሩ።

«ያ ሆዱን በመቀነት የጠፈረው ወንድሜ ትናንት እኔ ጋ መጥቶ ነበር» አለች። «መቀነቱን ፈታሁት። ዓይነ ምድሩን መረመርኩ። ቢልሃርዝያ ነው፤ የትል በሽታ። ጉበቱን ጎድቶታል። መድኃኒት ሰጥቼዋለሁ፤ ግን ከአሥር ቀን በኋላ ተመልሶ ውሃ ከገባ መድኃኒቱ ውሃ ወቀጣ ነው። እንደገና ይገባበታል፤ ያን ጊዜ አይተርፍም።»

«እሱ ምን ይላል?»

«‘በመክፈቻ ቀን ቦታዬ ላይ ካልተገኘሁ ቦታዬን አጣለሁ፤ ያባቴን ቦታ ከማጣ ብሞት ይሻለኛል’ ይላል።»

«ሕጉ እንደዚያ ነው። እኔ አላወጣሁትም፤ ከአያቶቻችን የመጣ ነው» አሉ አለቃው። ከዚያም ልማዳቸውን የነኩባቸው ሽማግሌዎች እንደሚያደርጉት ወደ ክርክር ገቡ። «ትሉ የሚኖረው ወዴት ነው ትያለሽ?»

«እዚህ ጣሳ ውስጥ። ቀንድ አውጣው ሆድ ውስጥ።»

«እንግዲያ ተሳሳትሽ። ቀንድ አውጣ ሌሊትም ቀንም ውሃው ውስጥ ነው። ትል ቢኖር ቀድሞ የሚሞተው እሱ ነበር። ሥጋው ለስላሳ፤ አጥንት የለው፣ ጥርሱ የማያስፈራ፣ መሮጥ የማይችል። እሱ ከኖረበት እኔ ምን እሆናለሁ?»

«ለስላሳ መሆኑ እውነት ነው። መከላከያ የሌለው መስሎ መታየቱ ነው ስህተቱ። ይዋጋል፣ አለቃ። እኛ ከምንዋጋው አብልጦ ይዋጋል።»

«በምን ጦር?»

«ነገ ረፋድ ላይ ይምጡና ላሳይዎ። ካላመኑ ቀንድ አውጣዎን እኔ ራሴ ተሸክሜ ኩሬ እለቅልዎታለሁ።»

«አደራሽን ቃልሽን እንዳትበዪ» አሉ፤ ጣሳውንም ለእሷ ትተው ሄዱ። በመንገዳቸው ሁሉ ቀኝ እጃቸውን ከሰውነታቸው አርቀው እንደያዙ አላስተዋሉም።

ላቦራቶሪው አንድ ክፍል ነው። ግድግዳው ኖራ የተቀባ፣ ቧንቧው የሚያንጠባጥብ፣ ጠረጴዛው ላይ በፕላስቲክ የተሸፈነ ማይክሮስኮፕ። በመስኮቱ ደፍ ላይ ፀሐይ የሚመታቸው ሁለት ብርጭቆዎች ነበሩ፤ በየአንዳንዳቸው ውሃና አንድ አንድ ቀንድ አውጣ። መርማሪዋ አለቃውን በርጩማ ላይ አስቀመጠችና መጀመሪያ ከየብስ ቀንድ አውጣ የተሰበረ የቅርፊት ስባሪ በመስታወት ላይ አኖረች።

«አንድ ዓይንዎን ጨፍነው ይዩ።»

አዩ። «ድንጋይ ነው። ነጭ ድንጋይ። ውስጡ ... የተጠቀለለ ክር አለ።»

«ትል ነው። ቀንድ አውጣውን ሊበላ መጣ። መጀመሪያ ልጋጉ ያዘው፤ ያ የሚጸየፉት ልጋግ ለጠላት ማጥ ነው። ልጋጉን ሲያልፍ የቅርፊቱ ውስጠኛ ሽፋን ያዘው፤ ከግድግዳው ጋር ለጠፈው፤ በላዩ ላይ ኖራ እየደራረበ መረገው። ቀንድ አውጣው ቢሞት እንኳ ትሉ ከዚያ አይወጣም።»

«በሕይወቱ ግድግዳ ውስጥ ቀበረው በይኛ።»

«ቀበረው። የባሕር ዛጎሎችም እንዲሁ ያደርጋሉ። ሥጋቸው ውስጥ የገባውን ባዕድ ነገር፣ አንዳንድ ጊዜም ትል፣ በቅርፊታቸው ጭማቂ ደጋግመው ሲለብጡት ሉል ይሆናል።»

«ሴቶቹ አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት መቃብር ነው ማለት ነው» አሉ አለቃው። ከዚያ ቀና ብለው ጉልበታቸውን መታ አደረጉ። «ያዝኩሽ። ክርክሩን አንቺው ፈረድሽልኝ። ቀንድ አውጣ ትሉን ከገደለ ኩሬዬን እየጠበቀልኝ ነው።»

ሽማግሌው የተናገሩት ሞኝነት አልነበረም። ከግማሽ እውነት የሚነሳ ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ ድምዳሜ ላይ ይደርሳል፤ ለዚህም ነው ግማሽ እውነት ከውሸት ይልቅ ሰው የሚፈጀው።

«ይህንን ትል አሸነፈ» አለች። «የእኛው ሌላ ነው። ሰው ውሃ ዳር ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላል ውሃ ይገባል። አጣቢዎቹ የሚጸዳዱት የት ነው?»

«ከኩሬው ራስጌ፣ ከቁጥቋጦው ሥር» አሉ ቀስ ብለው።

«እንቁላሉ ይፈለፈላል። የተፈለፈለው በዓይን የማይታይ ነገር እየዋኘ ቀንድ አውጣ ይፈልጋል። በቅርፊቱ አይመጣም፤ በለስላሳው ሥጋ በስቶ ይገባል። ያን ጊዜ የቀንድ አውጣው የደም ሕዋሳት እንደ ቀፎ ንብ ይወጣሉ። ከበው፣ ተደራርበው ያቅፉታል፤ የሚያቃጥል መርዝ እያፈሰሱ ይገድሉታል። ዘሩ ጠንካራ የሆነ ቀንድ አውጣ እንዲህ ሆኖ ይድናል። ያልታደለው ግን ደሙ ጠላቱን አያውቀውም። ትሉ ራሱን ደብቆ ይኖራል፤ ይራባል፤ አንዱ ብዙ ሺህ ይሆናል። ቀንድ አውጣው መሸነፉን አያውቅም። እንደ ድሮው ይልሳል፣ እንደ ድሮው ይሳባል። ለቤቱ ጌታ ሆኖ የሚኖር ይመስለዋል፤ ጌታው ግን ሌላ ነው።»

አለቃው በርጩማውን ወደ እሷ ሳብ አደረጉ።

«ከዚያስ?» አሉ።

«ከዚያ ሺዎቹ ይወጣሉ፤ የሰው ቆዳ ፍለጋ። አጣቢዎቹ ከውሃ ሲወጡ እግራቸውን አያሳክካቸውም?»

«ያሳክካል። ‘ሱፉ ነከሰን’ እያልን እንሳሳቃለን።»

«ትሉ ሲገባባችሁ ነው።»

አለቃው እግራቸውን ወደ በርጩማው ሥር ሰበሰቡ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚለውን ከልጅነታቸው ጀምረው ሰምተውታል፤ እንዲህ ያለ ሳቅ እንደሆነ አልጠረጠሩም ነበር። «የሚወጡት መቼ ነው?» ብለው ጠየቁ።

መርማሪዋ መልሱን ያዘገየችው አዝናላቸው ነበር። «ብርሃን ሲመታቸው። ከረፋድ ጀምሮ፤ ከሁሉ ይልቅ ግን በቀትር።»

ሽማግሌው የገዛ ስማቸው እንዲህ ሲጠራ ሰምተው አያውቁም።

እሷ በመስኮቱ ወዳሉት ብርጭቆዎች አመለከተች። «ሁለቱም ከትናንቱ ጣሳዎ ናቸው። ጤነኛው የትኛው ነው? እርስዎ ዓይን አለዎት፤ ይምረጡ።»

አለቃው በቀኝ ያለውን አዩ፤ ትንሽ፣ ቅርፊቱ የተቧጨረ። በግራ ያለው ትልቅ ነው፤ ሥጋው ከቅርፊቱ ሞልቶ የወጣ። «ይሄ የሰባው» አሉ። ዕድሜ ልካቸውን የመረጡት እንደዚያ ነው።

ከየብርጭቆው አንዳንድ ጠብታ አወጣች። የትንሹን አስቀድማ አሳየቻቸው፤ ባዶ ውሃ። ቀጥሎ የሰባውን። አለቃው ዓይናቸውን ወደ ማይክሮስኮፑ አስጠጉ፤ ወዲያው አራቁ፤ እንደገና አስጠጉ። ጠብታው ይርመሰመሳል። ጭራቸው እንደ መንሽ ለሁለት የተሰነጠቀ፣ የሚገለባበጡ፣ የሚወራጩ፤ አንዱ ሲያልፍ ሌላው ይመጣል። ከዚያ ብርጭቆውን በባዶ ዓይናቸው አዩ። ውሃው ጥርት ያለ ነው። ጥም የያዘው ሰው ይጠጣዋል። ጣታቸው ሳያስቡት ወደ ብርጭቆው ሄደ፤ መርማሪዋ አንጓቸውን ይዛ መለሰችው።

«አይንኩ። ቆዳ ለመብሳት ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል።»

«የሰባው» አሉ። «ለምን የሰባው?»

«ትሉ የሚወልድበትን ጉልበት ወስዶበታል። እንቁላል መጣል ስላቆመ አንዳንዱ ሰውነቱ ይተልቃል። ጤንነት ይመስላል፤ ግን ዘር አይተካም።»

«በየዓመቱ የሚያልቁብኝ ለዚህ ነው» አሉ፤ ለራሳቸው እንደሚናገሩ። «የሰባ መረጥኩ። አጣቢዎቹ የጣሉትን እንቁላል ኩሬው ያሳድግልኝ ዘንድ ቀንድ አውጣ አመጣሁ። ትሉ በሚወጣበት ሰዓት ሰው አስገባሁ። ለዚህም ተመረቅሁ።»

አስተያየት ለመስጠት የማይመች ነገር አለ። ሰው ክፉ ሠርቶ ሲያዝ ቢያንስ ምን እንደፈለገ ያውቃል። በጎ ሠርቶ ሰው ያጠፋ ግን የሚይዘው ነገር ያጣል።

አለቃው ወደ መርማሪዋ ዞሩ። «አባትሽ የነገረሽ ነገር አለ? ስለ እኔ?»

«ምንም አልነገረኝም።»

«አይናገርም ነበር። አለቃ ከመሆኔ በፊት ባለቤቴ ታመመች። ከአጠገቧ የሚቀመጥ ሰው አልነበረም። ቦታዬን ላጣ ነበር። አባትሽ ‘ሂድ፣ ለሁለታችንም እኔ እቆማለሁ’ አለኝ። አንድ ሙሉ ወቅት በኔም በሱም ቦታ ቆመ። ጎሕ ሲቀድ፣ በዚያ ብርድ። ባለቤቴ እጄ ላይ አረፈች፤ እሱ ባይኖር ብቻዋን ነበር የምትሞተው። ‘ወቅት አለብኝ፤ እከፍልሃለሁ’ አልኩት። ከዚያ አለቃ ሆንኩ። አለቃ ውሃ አይገባም። እሱም አልጠየቀኝ። በቀትሩ ሕግ የከፈልኩት መስሎኝ ነበር፤ ብርዱን ያነሳሁት እሱን እያሰብኩ ነው። ከስምንት ዓመት በፊት ሆዱ ተነፍቶ ስቀብረው ...» አልጨረሱም።

መርማሪዋ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል፤ ድምፅዋ ግን የተስተካከለ ነበር። «አላወቁም ነበር፣ አለቃ። አባቴም አላወቀም። ከዛሬ ጀምሮ ግን ያውቃሉ። አሥር፣ አሁን እንኳ ዘጠኝ ቀን ነው ያለን።»

«ምን ይደረግ በይ።»

«ኩሬው ይፍሰስ። ጭቃው ይዛቅ፣ ደንገሉ ይታጨድ፣ ድንጋዩ በብሩሽ ይፋቅ። የወንዙ ውሃ በቀጥታ አይግባ፤ ቀንድ አውጣ በሌለበት ማጠራቀሚያ ሁለት ቀን ይደር፤ ትሉ ሰው ካላገኘ በዚያ ጊዜ ውስጥ ይሞታል። መጸዳጃ ከውሃው ራቅ ብሎ ይቆፈር። ሥራ በማለዳ ይጀመር። ሁሉም መድኃኒት ይውሰድ፤ እርስዎም። ቦት ጫማም ያድርጉ።»

«ሁሉንም እሺ። ጫማው ግን አይሆንም።»

«አለቃ!»

«ስሚኝ እንጂ። አጣቢ ሱፉን የሚያየው በውስጥ እግሩ ነው። ረግጦ እሾህና ጠጠሩን ለይቶ ያወጣል። ጫማ ያደረገ አጣቢ ዕውር ነው።»

ይህን መጽሐፍ አላስተማራትም። «ይህን እኔ አላውቅም» አለች። «ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። ቀንድ አውጣ ቅርፊቱን አውልቆ አይወጣም፤ እኛ ደግሞ ስንወለድ ቅርፊት አልተሰጠንም። መላውን እርስዎ ይፈልጉለት።»

አለቃው ጥቂት አሰቡ። «ሱፉ ውሃ ውስጥ በእንጨት መቅዘፊያ ይመታ» አሉ በመጨረሻ። «ከዚያ በደረቅ ወንፊት ላይ ተዘርግቶ በእጅ ይዳሰስ። አንድ ሰው መጨመር ቢኖርብንም ይሆናል።»

በማግስቱ አጣቢዎቹን ሰበሰቡ። ብርጭቆውን፣ ማይክሮስኮፑን፣ መርማሪዋንም ይዘው መጡ። በመጀመሪያ ሳቅ ነበር።

«አባ ቀትርን ልጅ አስተማረቻቸው» አለ አንዱ።

«ቦት ጫማ አድርገን ሱፍ ልናጥብ ነው ወይስ ሠርግ ልንሄድ ነው?» አለ ሌላው።

«እርስዎ ውሃ መፍራት ጀመሩ እንዴ አለቃ?»

«አዎ» አሉ አለቃው። «ፈርቻለሁ። ኑና አንድ በአንድ እዩ። አይቶ ያልፈራ ካለ ባዶ እግሩን ይግባ፤ አልከለክለውም።»

አንድ በአንድ አዩ። ከማይክሮስኮፑ የተነሳ ሁሉ ወደ ቦታው የሚመለሰው ሳይስቅ ነበር። አንደኛው ሱሪውን ሰብስቦ እግሩን ሲያሽ ቆየ። ማንም ባዶ እግሩን አልገባም።

የተደረገው ይህ ነው። ኩሬውን አፈሰሱ፤ የዛቁትን ጭቃ አርቀው ጉድጓድ ውስጥ ከነቀንድ አውጣው ኖራ አልብሰው ቀበሩት። የድንጋዩን አረንጓዴ በየሳምንቱ በብሩሽ ይፍቁታል፤ ከቀንድ አውጣ ያላነሰ ይጠራል። ማጠራቀሚያው ተሠራ። መጸዳጃው ተቆፈረ። የተመረመሩት ከአለቃው ጋር አሥራ ሦስት ነበሩ፤ ዘጠኙ ትል ተገኘባቸው። አለቃውም ከዘጠኙ አንዱ ነበሩ። የደረሰው ጉዳት ሁሉ አልተጠገነም፤ ጠባሳ የያዘ ጉበት እንደ ጨርቅ አይታጠብም። ነገር ግን በዚያ ወቅት አዲስ ሆድ አልተነፋም፤ እከኩም ቀረ። ቤታቸው ሲገቡ ድካም እንደ ጨርቅ የሚጥላቸው ሰዎች ከልጆቻቸው ጋር የሚነጋገሩበት ጉልበት አገኙ። ሱፉም ከወንፊቱ ስለሚያልፍ ከድሮው የጠራ ሆነ። በባልና በሚስት፣ በአባትና በልጅ መካከል ፍርሃት ሲቀር ምን ያህል ቦታ እንደሚተርፍ የሚያውቀው የፈራ ነው።

የመክፈቻው ቀን ግን ገና አልተነገረም። በማለዳ የየአጣቢው ቦታ በጠሪ ተጠራ። በኩሬው ዳር ከደረጃው አምስተኛው ድንጋይ የመርማሪዋ አባት ቦታ ነበር፤ ከእሱም ወደ ልጁ አልፏል። ወንድሟ ፊቱ ገርጥቶ፣ ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ ቆሟል። እህቱ ክንዱን ይዛለች፤ እሱ ግን ቦታውን አይለቅም።

«አምስተኛ ድንጋይ» ብሎ ጠሪው ጮኸ።

አለቃው ኮታቸውን አውልቀው ለሰው ሰጡ። ቦት ጫማቸውን ጎትተው አደረጉ፤ አምስተኛው ድንጋይ ላይ ወረዱ። ውሃው ጫማቸውን ሲከበው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከፈሩት ነገር ሁሉ አብልጠው የሚፈሩት እሱን ነበር።

«አለቃ ውሃ አይገባም» አለ ጠሪው።

«ሰው ለሰው ቆሞ ቦታ ይይዝለታል፤ ይህም ሕግ ነው። ጥራ።»

«እስከ መቼ?» አለ ወጣቱ።

«እስኪያልቅ።»

ወቅቱ መቶ አሥር ቀን ነበር። አንድ ቀን አልቀሩም። ታመው ያውቃሉ፤ አልቀሩም። መጀመሪያ አካባቢ ከውሃ ሲወጡ እግራቸውን በፎጣ ለረጅም ጊዜ ያሹ ነበር፤ እያደር ተዉት። የመጨረሻው ሱፍ ታስሮ በጋሪ ላይ ሲጫን ጫማቸውን አውልቀው ወደ ወጣቱ ቤት ሄዱ። እህቱም ነበረች። ሆዱ ጎድሏል፤ መቀነቱም የለም። ገብተው አልተቀመጡም።

«ቦታህ ይጠብቅሃል» አሉት። «ይህ ወቅት ላባትህ የነበረብኝ ነው።»

ወንድምና እህት ተያዩ። አባታቸው ሰው ያለበትን ነገር ሲመልስለት የሚለውን ቃል ሁለቱም ያውቁታል። የተናገረችው እሷ ነበረች።

«ደርሶናል፣ አለቃ» አለች።